ከቂጤ ተነስቶ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ይነዝረኛል፤ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

የሐረጎ ሾፌር፦

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ከረማችሁ።

ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። 39 ዓመቴ ነው። መንገዱን ለማታውቁት፣ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ከደሴ እንደወጣችሁ ሐረጎ የሚባል ጠመዝማዛ አለ። እዚያ ላይ ግራ እግሬ ከፍሪሲዮን አይነሳም። ስወርድም ስወጣም ማርሽ ስቀያይር ነው የምውለው። ደህና ቀን ከሆነ አምስት ምልልስ እሠራለሁ።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰብኝ። ረዳቴ ልጅ ነው፣ ጉልበት የለውም። የተፈታውን ጎማ እኔው ጎንበስ ብዬ አነሳሁና ወደ ኋላ ዞሬ ልጭን ስል ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር «ቋ» አለ። የዚያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። ሥራዬን ጨርሼ ገባሁ፣ እራቴን በላሁ፣ ተኛሁ። ጠዋት ልነሳ ስል ግራ ቂጤ ውስጥ ሚስማር የተሰካ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያው ነው። ከመቀመጫዬ ይነሳል፣ በታፋዬ ኋላ ይወርዳል፣ ባቴን አልፎ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ። አንዳንዴ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። አንዳንዴ የፈላ ውኃ የፈሰሰብኝ ያህል ይለበልበኛል። የሚገርማችሁ ወገቤ ያን ያህል አያመኝም። እግሬ ነው። ባለፈው ሚስቴ በርበሬ ስትቀነጥስ አጠገቧ ተቀምጬ አስነጠሰኝ። እንባዬ ነው የመጣው። በበርበሬው እንዳይመስላችሁ።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። «ሳያቲካ ነው» አሉኝ፣ ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ ሕመም ማለት ነው። አምስት ቀን በተከታታይ ዲክሎፌናክ የሚባል የማስታገሻ መርፌ ወጉኝ፣ ያውም እዚያው በሚያመኝ በግራ ቂጤ። ቫይታሚን ነው ያሉትም ሌላ መርፌ ነበረው። ለግማሽ ቀን እፎይ እላለሁ፣ ማታ ያው ነው። አሁን ደግሞ ጨጓራዬ ተነሳ። ስመለስ «ኤምአርአይ ተነሳ» አሉኝ። ዋጋውን ስጠይቅ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ምክር ሰጪ በሽ ነው። እናቴ በቅቤ ታሽ ትላለች። ረዳቴ ዋግምት ይለኛል። ጎረቤታችን ያሉ ሽማግሌ ደግሞ አንድ ወር ሳትንቀሳቀስ ተኛ አሉኝ። አራት ቀን ሞከርኩት። ከበፊቱ ባሰብኝ፣ ግንድ ሆኜ ተነሳሁ። ደግሞ ወር ተኝቼ ልጆቼን ማን ያበላል? መኪናው የራሴ አይደለም፣ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ አለብኝ።

ደርሶበት የዳነ ሰው ካለ፣ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳደረገ ይንገረኝ። መድኃኒት ጻፉልኝ አላልኩም። እንዴት ተኛችሁ? እንዴት ተቀመጣችሁ? ሥራ ሠራችሁ ወይስ ቆማችሁ? ይሄን ነው የምፈልገው።


ቃሉ ማዶ፦

አብሽር ወንድሜ። ወጌሻ ጋ ሂድ። የአጎቴ ልጅ እንዳንተው ሆኖ ነበር። በሆዱ አስተኝተው ወገቡን በእግር ረገጡት። «ቋ» አለ። በዚያው ቀን በእግሩ ሄደ። ስልኩን በውስጥ ልልክልህ እችላለሁ።


እናት ምጣድ፦

ወንድሜ፣ አላህ አፊያህን ይመልስልህ። እኔ ኮምቦልቻ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች የማስረክብ ሴት ነኝ። ምናልባትም ጭነኸኝ ታውቅ ይሆናል። ሁለት ሰፌድ ይዛ ገብታ «ለዕቃው አትክፈይ በለኝ» እያለች የምትጨቃጨቅህ ሴትዮ ካለች እኔ ነኝ።

ያንተ ግራ ነው፣ የኔ ቀኝ ነበር። ያምና የዒድ ዋዜማ። ትእዛዝ በዝቶብኝ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ ዱካ ላይ ቁጢጥ ብዬ ስጋግር አርፍጄ፣ የሊጡን ባልዲ ብድግ አድርጌ ዞር ስል ያዘኝ። እንዳንተው፣ ዞር ስል። ማንሳቱና መዞሩ አንድ ላይ ሲሆን ነው መሰለኝ የሚይዘው።

እኔ ካንተ የባስኩ ሰነፍ ነኝ፣ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። መጨረሻ ላይ ሽንት ቤት ለመሄድ ሁለት ሰው ደገፈኝ። ወልድያ ነርስ የሆነች የእህቴ ልጅ አለች። ልትጠይቀኝ መጥታ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። «አክስቴ፣ ይሄ መተኛት ነው የሚያደነዝዝሽ፣ ተነሺ» አለችኝ። ሰድቤያታለሁ። በኋላ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ያደረግኩትን ልንገርህ።

መጀመሪያ መሄድ። ሩቅ እንዳይመስልህ። ከበሬ እስከ ግቢው ቧንቧ 40 እርምጃ ናት። ሄጄ እመለሳለሁ። ቁጭ እላለሁ ወይ ጋደም እላለሁ። ከሰዓት በኋላ እንደገና። መጀመሪያ ቀን አራት ጊዜ ሄድኩ። በሳምንቱ ቧንቧውን አልፌ ሱቁ ጋ ደረስኩ። ሳልጨርስ እግሬ ከነዘረኝ እመለሳለሁ እንጂ ጥርሴን ነክሼ አልሄድም። ሕመሙን ማሸነፍ የሚባል ነገር እዚህ የለም። እልኸኛ ሰው በዚህ በሽታ ይጎዳል፣ አንተም ሾፌር ነህና እልኸኛ ነህ።

ሁለተኛ በሆድ መተኛት። ይሄን ያሳየችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ወለሉ ላይ ቀጭን ፍራሽ አነጠፍን። በሆዴ ተኛሁ፣ ዝም ብዬ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ከዚያ በክርኔ ደገፍ ብዬ ደረቴን ቀና አደረግኩ፣ ልጆች ተኝተው መጽሐፍ እንደሚያነቡት። ወገቤ ላይ ጨመደደኝ። ልነሳ ስል «ቆይ፣ እግርሽስ?» አለችኝ። እግሬ ቀለል ብሎታል! ወገቤ ጨመረ፣ እግሬ ቀነሰ። «እሱን ነው የምንፈልገው» አለችኝ። ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ ሽቅብ ከተሰበሰበ መልካም ምልክት ነው። ወደ ታች ወደ ጣት ከወረደ ግን ያደረግሽው ነገር አልተስማማሽም፣ ተዪው አለችኝ።

ይቺን ነገር በደንብ ያዛት። ትንሹ ልጄ በየጠዋቱ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርግልኝ ነበር። «እማ ዛሬ የት ድረስ ነው?» ይለኛል። መጀመሪያ መስመሩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ባቴ መሃል ደረሰ። አምስተኛው ላይ ከጉልበት በላይ። እግሬ የገበሬ ማሳ መስሎ ነበር፣ ስታጠብ እንኳን መስመሩን እየዘለልኩ ነው የማሸው። ግን ዐይኔ እያየ ሽቅብ ሲወጣ ልቤ አረፈ። ሕመሙ ብቻውን ቢሆን ተስፋ እቆርጥ ነበር።

ሙቀት። ጨው ምጣድ ላይ አሙቄ፣ በካልሲ ቋጥሬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ መቀመጫዬ ላይ አደርጋለሁ። ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ሙቀቱ የጎበጠውን ጡንቻ ያፍታታል፣ ከዚያ በኋላ ነው በሆዴ የምተኛው። እህቴ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው የሚሻላት። ያሻህን። አንድ ነገር ግን፣ እግርህ የደነዘዘበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ትኩስ ነገር አታድርግ። እኔ ባቴ ደንዝዞ ስለነበር አንድ ቀን ተቃጥዬ አልታወቀኝም። ጠባሳው አሁንም አለ።

እንቅልፍ። በጎኔ፣ የሚያመኝን እግር ወደ ላይ አድርጌ፣ በሁለቱ ጉልበቶቼ መካከል የተጠቀለለ ጋቢ። በጀርባህ ከሆነ ጋቢውን ጉልበትህ ሥር አድርገው። ስትነሳ ቀጥ ብለህ አትነሳ። መጀመሪያ በጎንህ ዙር፣ እግርህን ከአልጋው አውርድ፣ ከዚያ በክንድህ ግፋ።

አሁን ሰው የማይነግርህን ልንገርህ። ሽንት ቤት። ማማጥ እግር ድረስ ይነዝራል፣ እንደ ማስነጠሱ ነው። የማስታገሻ ክኒን ደግሞ አንዳንዱ ሆድ ያደርቃል። እኔ ማታ ማታ ተልባ ቆልቼ ወቅጬ በብዙ ውኃ እጠጣ ነበር። ከሁሉም በላይ ምስጋና የሚገባው ለተልባው ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ሥራዬን አልተውኩም፣ ግን ቀየርኩት። ልጄ ሦስት ብሎኬት አምጥቶ ምጣዱን ከፍ አደረገልኝ። አሁን ቆሜ ነው የምጋግረው። ሃያ ሊትር ጀሪካን አላነሳም። ሁለት የአሥር ገዛሁና ግራና ቀኝ እይዛለሁ። ዕቃ ሳነሳ ወደ ሆዴ አስጠግቼ፣ ሰውነቴን ከነእግሬ ነው የማዞረው እንጂ ወገቤን ብቻ አላዞርም።

በጠቅላላው ሁለት ወር ተኩል ፈጅቶብኛል። ሕመሙ ጠፋ። ትንሿ ጣቴ ጋ ያለችው መደንዘዝ ግን እስካሁን አለች፣ ለምጃታለሁ።

ቅቤው አይጎዳህም። እናትህ ደስ ይበላት፣ ታሽ። ግን ቀስ ተብሎ። መረገጥ የሚባለውን ግን ተወው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ አትቆጣ። ጫት ትቅማለህ? የምትቅም ከሆነ በግራ ክርንህ ተደግፈህ ነው? ስንት ሰዓት?


ሰኞ ገበያ፦

እኔንም እንደዚሁ አርጎኛል፣ ግን ሰላት ላይ ነው የሚብስብኝ። ሩኩዕ ወርጄ ቀና ማለት አልችልም። እናት ምጣድ፣ እርስዎ እንዴት አደረጉ?


እናት ምጣድ፦

ልጄ፣ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የሰገድኩት። የታመመ እንደቻለ ነው። ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፣ እሷም እንደዚህ ታማ የዐቢይ ጾምን ስግደት በቆመችበት አንገቷን ዝቅ እያደረገች አሳለፈችው። ከነፍስ አባቷ ጋር ተነጋግራ ነው። ማንም አልተቆጣትም።


የሐረጎ ሾፌር፦

እትዬ፣ አላህ ይስጥልኝ። ሰፌዱን አውቀዋለሁ! ለዕቃ አስከፍዬዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።

ጫቱን ማን ነገረዎት? ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ነው። አራት ሰዓት፣ አንዳንዴ አምስት። አዎ፣ በግራ ክርኔ። ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ስነሳ ነው የምሞተው።

በሆድ መተኛቱን ትናንትና ዛሬ ሞከርኩት። እግሬ ትንሽ ቀለል አለ፣ ወገቤ ግን ጨመደደኝ። እንዳሉት ነው። ልጄም እስክሪብቶ ይዛ መጣች፣ መስመሩን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰመረች።

አንድ ያልተናገርኩት ነገር አለ። የቀኑን ሒሳብ የማስቀምጠው በግራ የኋላ ኪሴ ነው። ዝርዝሩን በሙሉ። ከሰዓት ሲሆን ጡብ ያክላል። ወንበሩም በግራ በኩል ሰርጉዷል፣ ስፖንጁ አልቋል። ሁሌም በግራ ቂጤ ተቀምጬ ነው የምነዳው ማለት ነው። ይሄ ይሆን?


ፊዚዮ ከደሴ፦

ሰላም ሁላችሁም። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። እናት ምጣድ፣ የእህትዎ ልጅ ጎበዝ ናት። እኔ የምለውን ግማሹን ብላዋለች።

ወንድሜ ሾፌሩ፣ ሳያቲክ የሚባለው ነርቭ ከሰውነት ሁሉ ወፍራሙ ነው። ከታችኛው ወገብና ከእሱ በታች ካለው አጥንት የሚወጡ ሥሮች ተገናኝተው ይሠሩታል፣ መቀመጫህ ውስጥ ጣት ያህል ወፍሮ ያልፋል፣ ከዚያ እስከ እግርህ ጣት ይወርዳል። አንተ የሚያምህ እግርህ ነው፣ የተነካው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወገብህ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ባትህን ብታሽ ብታሸው የማይለቅህ።

«ዲስክ ተንሸራተተ» ሲባል ሰው አጥንቱ ከቦታው የወጣ ይመስለዋል። ለዚያ ነው ረግጦ መመለስ የሚፈለገው። ዲስክ አይንሸራተትም። በሁለት አጥንት መካከል ያለ ትራስ ነው፣ ሽፋኑ ይሰነጠቅና ውስጡ ያለው ይወጣል፣ ነርቩን ይነካል፣ ያስቆጣዋል። ቃሉ ማዶ፣ የአጎትህ ልጅ በመሻሉ ደስ ብሎኛል። ግን የወጣውን በእርግጫ የሚመልሰው የለም። ጊዜ ሲያገኝ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ብዙ ሰው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና የሚሻለው ለዚህ ነው። ነርቩ ተጨንቆ ባለበት ሰዓት መረገጥ ግን የነበረውን ሊያባብስ ይችላል። አጥንቱ በቲቢ ወይ በዕድሜ የሳሳ ሰው ቢሆንማ አስበው።

ኪስህን በተመለከተ፣ ገንዘቡን ዛሬውኑ አውጣው። በሽታውን እሱ ብቻ ነው ያመጣው አልልም፣ የጎማው ታሪክ ይበልጥ ያሳምነኛል። ግን የተቆጣ ነርቭ ላይ ጡብ አስቀምጦ ሐረጎን መውጣት አይሆንም። ወንበሩን በግራ በኩል በካርቶንም በስፖንጅም ሙላው፣ ሁለቱም ቂጥህ እኩል ይቀመጥ። ፎጣ ጠቅልለህ ከቀበቶህ በላይ ባለው ጎድጓዳ አድርግ። ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠህ ስትጨርስ ጉልበትህ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። እግርህን ዘርግተህ የምትረግጥ ከሆነ በየማርሹ ነርቩን እየጎተትከው ነው። ኮምቦልቻ ተራህን ስትጠብቅ መሪ ላይ ተደግፈህ አትቀመጥ። ውረድ። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዙራት።

ስለ ጫቱ አልመክርህም፣ አባትህ አይደለሁም። አምስት ሰዓት በአንድ ክርን ላይ መቀመጡ ግን ለሳምንት ያገኘኸውን ያፈርስብሃል። ቢያንስ ግድግዳ ተደገፍ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተህ ቁም።

አንድ ጨምር። ወንበር ላይ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። ግራ እግርህን ቀስ ብለህ ስትዘረጋ ጣሪያውን እያየህ። ስታጥፈው አገጭህን ወደ ደረትህ። አሥር ጊዜ፣ ሳትቆም፣ እንደ መወዛወዝ። የሳይክል ፍሬን ኬብል በሽፋኑ ውስጥ እንደሚንሸራተት ነርቩም መንሸራተት አለበት፣ አለበለዚያ ይያዛል። ኬብሉን ወደ አንድ በኩል ብቻ ወጥረህ አትያዝ። ካመመህ ትንሽ ዘርጋ። ከነዘረህ ተው።

በሆድ መተኛት ለሁሉም አይሆንም። እናት ምጣድ ላይ ሠርቷል፣ አንተም ላይ የሚሠራ ይመስላል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ «ቀና ብዬ ስሄድ እግሬ ይዝላል፣ ምርኩዝ ይዤ ጎንበስ ስል ይቀለኛል» የሚሉ እናቶች አሉ። የነሱ የአከርካሪ መተላለፊያ ጠቦ ነው፣ ወደ ኋላ ሲለጠጡ ይበልጥ ይጠብባቸዋል። ለነሱ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ ይሻላል። በጀርባ ተኝቶ ባትን ወንበር ላይ ማሳረፍ ደግሞ ለብዙ ሰው ጥሩ ማረፊያ ነው።

መርፌውን ስሰማ ደስ አላለኝም። የዲክሎፌናክ መርፌ ከሁለት ቀን በላይ እንዲወጋ አይመከርም። ሳያቲክ ነርቭ ራሱ ቂጥ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ መርፌ ቦታ ከሳተ ነርቩን ሊጎዳ ይችላል። ጨጓራህ ተነስቷል ብለሃል፣ ስለዚህ ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም በራስህ ገዝተህ አትጨምር። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ የወገቡን ነገር ትተህ ለዚያው ሐኪም ቤት ሂድ። ደም ግፊት ወይ ኩላሊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም እንደዚሁ ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

ኤምአርአዩ ይቆይ። ምንም የማያማቸው ሰዎች እንኳን ፎቶ ሲነሱ ያበጠ ዲስክ ይገኝባቸዋል። ፎቶው የሚያስፈልገው አደገኛ ምልክት ካለ፣ ወይ ቀዶ ጥገና ከታሰበ፣ ወይ በቂ ጊዜ ተጠብቆ ካልተሻለ ነው።

አደገኛ ምልክት ያልኩትን በፈረስ ላስረዳ፣ ወሎ ውስጥ ፈረስ የማያውቅ የለም። ኮርቻ ላይ ስትቀመጥ ኮርቻው የሚነካህ ቦታ አለ አይደል? ብልትህ፣ የፊንጢጣህ ዙሪያ፣ የታፋህ ውስጠኛ ክፍል። እዚያ ከደነዘዘህ፣ ሽንት እምቢ ካለህ ወይ ሳታውቀው ካመለጠህ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ፣ ሁለቱም እግርህ ከዛለ፣ እስኪነጋ አትጠብቅ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል። እዚህ ላይ ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

ሌላው ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ። እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ አለ። ያልፈላ ወተት የሚጠጣም ሰው፣ በባቲ በኩል የግመል ይሁን እዚህ የላምና የፍየል፣ ብሩሴሎሲስ ሊይዘው ይችላል፣ እሱም ወገብ ያማል። እነዚህ በጨው ሙቀት አይለቁም።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝና ጻፍ። ግድግዳ ያዝ። በግራ እግርህ ብቻ ቁምና ተረከዝህን አንሳ፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ ጣቶችህን ከመሬት አንስተህ በተረከዝህ ብቻ አሥር እርምጃ ሂድ። ከቀኙ ጋር አወዳድር።


የሐረጎ ሾፌር፦

ወንድሜ፣ አክባሪህ ነኝ። ሞከርኩ። ሽንትም ሰገራም ደህና ነው፣ የኮርቻው ቦታም ደህና ነው። በጣቴ መቆሙን ቻልኩት። በተረከዝ መሄዱ ላይ ግራ እግሬ ሦስት እርምጃ ሄዶ መዳፉ ጠፍ እያለ ይወድቃል። አውራ ጣቴም ሽቅብ አልታዘዝ አለችኝ። ሚስቴ ናት ያየችው፣ እኔ ነቅቼም አላውቅም ነበር። አሁን ሳስበው ሰሞኑን ጫማዬ ደረጃ ላይ እየተደናቀፈ ነው።


ፊዚዮ ከደሴ፦

እሱን ቤት ውስጥ አትጨርሰውም። ሕመም ብቻ ሲሆን ታግሶ መጠበቅ ይቻላል፣ እግር ሲዝል ግን አይጠበቅም። ነገ ጠዋት ምልልስ ሳትጀምር ሆስፒታል ሂድ፣ የአጥንት ሐኪም ይይህ። «እግሬን ያመኛል» ብቻ እንዳትል። «የእግሬን መዳፍ ማንሳት አቃተኝ» በል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ወረፋውን ትለውጠዋለች። የኤምአርአዩም ነገር አሁን ሌላ ነው፣ ሐኪሙ ካዘዘ ተነሳ። በግራ እግርህ እስካልታመንክ ድረስ ደግሞ ሐረጎን ሰው ጭነህ አትውረድ።


የሐረጎ ሾፌር፦

ከጠፋሁ አምስት ሳምንት ሆነኝ፣ ይቅርታ።

በማግስቱ ሄድኩ። እንዳልከኝ ተናገርኩ፣ በዚያው ቀን ታየሁ። ኤምአርአዩን ወንድሞቼ አዋጥተው ተነሳሁ፣ ከወገቤ መጨረሻ አንድ ከፍ ብሎ ያለው ዲስክ ወጥቷል። ሐኪሙ የእግሬ መዛል ቀላል ስለሆነና ስላልጨመረ በየሁለት ሳምንቱ እያየሁህ እንጠብቅ፣ ከባሰ ቀዶ ጥገና አለ አለኝ። መኪናውን ለሦስት ሳምንት ለሌላ ሾፌር ሰጠሁ። ባለቤቱ ፊቱን አጨፈገገ፣ ግን ቻለው። እኔ መናኸሪያ ተራ ሳስከብር ሰነበትኩ። ቆሜ፣ እየዞርኩ። ለካ ደመወዙ ትንሽ ነው እንጂ ለወገብስ ተስማሚ ሥራ ነው።

በሆድ መተኛቱን በቀን አምስት ጊዜ እሠራለሁ። የኬብሉንም። በርጫውን አልተውኩትም፣ ግን ወንበር ላይ ሆነ። ጓደኞቼ «ሊቀመንበር» ይሉኛል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሴ ይሰለቸኛል፣ እወጣለሁ።

የልጄ መስመር ከጉልበቴ በላይ ወጥቷል። ትናንት አዲስ ስታሰምር «አባ፣ እስክሪብቶው አለቀ» አለችኝ።

ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ነድቻለሁ፣ ሁለት ምልልስ ብቻ። ገንዘቡ አሁን ዳሽቦርዱ ላይ በጣሳ ነው። እትዬ፣ ሐሙስ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ ሰፌድ ይዘው አይቼዎታለሁ፣ ግን በሌላ መኪና ገቡ።


እናት ምጣድ፦

አልሐምዱሊላህ! ያኛው ለዕቃ አያስከፍልማ።


ፊዚዮ ከደሴ፦

ደስ ብሎኛል። በተረከዝህ ስንት እርምጃ ደረስክ?


የሐረጎ ሾፌር፦

ስምንት። አውራ ጣቴ ትነሳለች፣ ከቀኟ ትንሽ ትዘገያለች እንጂ። ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ።